ሁርሶ ላይ ትኩሳት የያዘው ሰው ስልኩን ሲጠይቅ፦ የሕክምና ኤአይ ታሪክ



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ መልእክቶች ውስጥ «ዶክተር፣ ቻትጂፒቲን ጠይቄው እንዲህ አለኝ፤ ልመነው ወይስ ልተወው?» የሚለው እየበዛ መጥቷል። አንዳንዱ የላብራቶሪ ውጤቱን ፎቶ አንስቶ ለማሽኑ ያሳያል፤ የማሽኑን መልስ ደግሞ ለእኔ ይልካል። ለእያንዳንዱ «አዎ» ወይም «አይደለም» ብሎ መመለስ ስለሚከብድ፣ ዛሬ እንደ ወትሮው ስለ አንድ በሽታ አልጽፍም። ይህ ማሽን የሕክምና እውቀቱን ከየት እንዳመጣው፣ በየአገሩ ያሉ ተመራማሪዎች ምን ተሰጣጥተው እንደሠሩት፣ ማን ማዕድ ላይ እንደነበረና ማን በር ላይ እንደቀረ ላውጋችሁ። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ያዙ። ዓመተ ምሕረት ብዬ ካልጻፍኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ቦታ እንያዝ። ሁርሶ። ስሟ ሲነሳ ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ወታደራዊ ማሰልጠኛው ነው። ከድሬዳዋ ወደ ምዕራብ፣ በድሮው የባቡር መስመር ላይ ያለች ቆላማ ቦታ ናት። እዚያ አንዲት እናት፣ ጠብ የሚል ዝናብ በሌለበት በየካቲት ወር፣ የልጇ ሰውነት እንደ እሳት ቢቃጠልባትና ስልኳን ብትጠይቅ ምን መልስ ታገኛለች? ማሽኑ «ወባ ብዙ ጊዜ ከክረምት ዝናብ በኋላ፣ ውሃ በሚያቁርበት ገጠር የሚከሰት በሽታ ነው» ሊላት ይችላል። እኛም በትምህርት ቤት የተማርነው ይህንኑ ነው። ድሬዳዋ ዙሪያ ላለ ሰው ግን ይህ መልስ ዛሬ አደገኛ ነው። ለምን አደገኛ እንደሆነ ለመረዳት ወደ ኋላ እንሂድ።

ኮምፒዩተር በሽታ እንዲለይ የማድረግ ሐሳብ የትናንት አይደለም። በእንግሊዝ አገር በሊድስ ከተማ ዶክተር ደ ዶምባል የሚባሉ የቀዶ ሕክምና ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ድንገተኛ የሆድ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ምልክት እየመዘገቡ ለኮምፒዩተር ሰጡት። ትርፍ አንጀት ነው? የሐሞት ከረጢት ነው? የጨጓራ ቁስል ተበስቶ ነው? ኮምፒዩተሩ ያለፉትን ታካሚዎች መዝገብ ይዞ የትኛው ይበልጥ እንደሚመስል ያሰላል። በ1972 ባወጡት ጽሑፍ፣ በ304 ታካሚዎች ላይ ኮምፒዩተሩ 91.8 በመቶ ትክክል ሲሆን ከፍተኛው ሐኪም 79.6 በመቶ ነበር። እስቲ አስቡት፣ 1972 ነው! ዛሬ «ማሽኑ ሐኪሙን በለጠ» የሚለውን ዜና ስታነቡ ከ50 ዓመት በፊትም ተነቦ እንደነበር አስታውሱ።

ይሁንና የሊድሱ ሥራ ወደ ዴንማርክ፣ ወደ ኮፐንሃገን ተወስዶ ሲሞከር ውጤቱ ወረደ። ሰው ያው ሰው፣ አንጀት ያው አንጀት ነው። የሚለየው ወደ ሆስፒታሉ የሚመጣው ታካሚ ዓይነት፣ በሽታዎቹ በዚያ አገር ያላቸው ብዛት፣ ሐኪሙ ምልክቱን ጠይቆ የሚመዘግብበት መንገድ ነው። ኮምፒዩተሩ ያወቀው የሊድስን ሆድ እንጂ የዓለምን ሆድ አልነበረም። በእኔ እምነት የሕክምና ኤአይ ታሪክ ትልቁ ትምህርት ገና በዚያን ጊዜ ተገኝቷል፤ ከዚያ ወዲህ ያየነው በየአገሩ ሲደጋገም ነው።

አሜሪካ ውስጥ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በዚያው ዘመን ማይሲን የሚባል፣ ለኢንፌክሽን የትኛው አንቲባዮቲክ እንደሚሰጥ የሚመክር ፕሮግራም ተሠርቶ ነበር። በሙከራ ጥሩ ውጤት ቢያመጣም የዘወትር ሕክምና ላይ ሳይውል ቀረ። እርሱን እንለፈው። ወደ እኛ ዘመን የሚቀርበው የታይላንድ ነው። ጉግል በስኳር ሕመም የሚጎዳውን የዓይን ክፍል ፎቶ አይቶ የሚለይ ኤአይ ሠራ። የተማረው ከአሜሪካና ከሕንድ በመጡ ከ128 ሺህ በላይ ፎቶዎች ነው። በታይላንድ 11 ክሊኒኮች ሲሞከር ግን፣ ከ1,838 ፎቶዎች ውስጥ 21 በመቶውን «ጥራት የለውም» ብሎ መለሰ። አንዳንዱ ክሊኒክ ክፍሉን ማጨለም አይችልም፣ ኢንተርኔቱም ይንቀራፈፋል። ነርሶቹ ረዥም ሰልፍ ፊት ለፊታቸው ቆሞ ማሽኑን ይለማመጡ ነበር። እዚህ አገር ጤና ጣቢያ ውስጥ የሠራ ሰው ይህን ሲያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

አሁን ወደ ወባ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ቆም ብለን ማየት ያለብን ነገር አለ።

ወባ በማይክሮስኮፕ ሲመረመር ምን እንደሚደረግ ታውቃላችሁ። ከጣት ደም ይወሰዳል፣ ስላይድ ላይ ይቀባል፣ ቀለም ይነከራል፣ የላብራቶሪ ባለሙያው ዓይኑን ሌንሱ ላይ ተክሎ ተውሳኩን ይፈልጋል። አድካሚ ሥራ ነው፤ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት የታየው ስላይድና ከ11 ሰዓት በኋላ የታየው ስላይድ አንድ ዓይነት ትኩረት አያገኙም። ስለዚህ «ማሽን ይየው» የሚለው ሐሳብ ከተራ ጉጉት የመጣ አይደለም። ለማሽኑ ግን የሚማርበት ምስል ያስፈልጋል። በዓለም ዙሪያ ተማሪዎች የወባ ኤአይ ሲሠሩ በብዛት የሚጠቀሙበት ስብስብ 27,558 የደም ሴል ምስሎችን የያዘ ነው። ደሙ የተቀዳው ባንግላዴሽ ውስጥ በቺታጎንግ ከሚገኝ ሆስፒታል፣ ከ150 የወባ ታማሚዎችና ከ50 ጤነኛ ሰዎች ነው። ምስሎቹን ለይቶ ምልክት ያደረገባቸው ባለሙያ የነበረው ባንኮክ ነው። ለዓለም በነጻ ያቀረበው ደግሞ አሜሪካ የሚገኘው ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ነው። ሦስት አገር፣ አንድ ሥራ። ዓለም አቀፍ የምርምር ልውውጥ በጥሩ ጎኑ ይህን ይመስላል።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚያ ስብስብ ውስጥ ያለው ተውሳክ ፋልሲፓረም የሚባለው ነው። በእኛ አገር ደግሞ ከፋልሲፓረም ጋር ቫይቫክስ የሚባለውም በሰፊው አለ። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ይቆያል፤ ሰውየው ድኛለሁ ብሎ ከወራት በኋላ እንደገና ይነሳበታል። ሕክምናውም ይለያል፦ የተደበቀውን ለማጥፋት ፕሪማኩዊን ይጨመራል፤ ለነፍሰ ጡር ግን አይሰጥም፣ ደማቸው ለእርሱ የሚጎዳ ሰዎችም አሉ። እንግዲህ በዚያ ስብስብ ብቻ የተማረ ማሽን ስላይዱን አይቶ «ወባ አለ» ወይም «የለም» ይላል እንጂ የትኛው ወባ እንደሆነ አይነግራችሁም። ማሽኑ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ማንም አላስተማረውም።

በአፍሪካ ውስጥ ይህን ቀደም ብለው የተረዱት ኡጋንዳ፣ ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ናቸው። ጆን ኩዊን የሚባሉ እንግሊዛዊ ሳይንቲስትና እንደ ሮዝ ናካሲ ያሉ ኡጋንዳውያን ስልክን ማይክሮስኮፕ ላይ ገጥመው፣ ከኡጋንዳ ደም በተነሱ ምስሎች ማሽኑን አስተማሩት። ሥራቸው በ2016 ታትሟል። ውጭ አገር የተሠራውን ከማምጣት ይልቅ ስላይዱንም፣ ስልኩንም፣ ተማሪውንም ካምፓላ ላይ አገናኙ።

ወደ ሁርሶ እንመለስ፤ የድሬዳዋ ወባ ለምን ከመጽሐፉ እንደተለየ ላስረዳ።

የእኛ አገር ነባር የወባ ትንኝ አኖፊለስ አረቢየንሲስ ትባላለች። ዝናብ ሲጥል በሚያቁረው፣ ፀሐይ በሚያገኘው ኩሬ ትራባለች። ስለዚህ ወባ ከክረምት በኋላ የሚመጣ የገጠር በሽታ ነበር። በ2012 ግን ጅቡቲ ላይ ከእስያ የመጣች ሌላ ትንኝ ተገኘች፤ አኖፊለስ ስቴፈንሲ ትባላለች። በ2016 ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ሶማሌ ክልል ቀብሪደሃር ላይ ታየች። ማንነቷን ያረጋገጡት የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና አሜሪካ የሚገኘው የቤይለር ዩኒቨርሲቲ ሰዎች አብረው ነው፤ የትንኟን መልክ አዩ፣ ከዚያ ዘረ መሏን መረመሩ፣ በ2018 አሳተሙት። ይህች ትንኝ ኩሬ አትጠብቅም። በርሜል ይበቃታል፣ ሮቶ ይበቃታል፣ ለግንባታ የተቆፈረ የውሃ ጉድጓድ ይበቃታል። ድሬዳዋን የሚያውቅ ሰው ውሃ አጠራቅሞ መኖር ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። በሌላ አነጋገር ትንኟ የምትራባው ደጃችን ላይ ነው፤ ለዚያውም በበጋ።

ከዚያ 2014 ዓ.ም. መጣ። ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ ባለው ጊዜ ድሬዳዋ ላይ የተነሳውን የወባ ወረርሽኝ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ሳይንቲስቶች ከአገር ውስጥና ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ተከታተሉት። ከታመመው ሰው ቤት ተነስተው የቤተሰቡን ደም መረመሩ፣ በግቢው ያለውን ትንኝ ያዙ። በሌላ ምክንያት ትኩሳት የያዛቸውን ሰዎች ቤት ደግሞ ለማነጻጸሪያ አደረጉ። ያገኙት ግልጽ ነበር፦ ወባው የተሰባሰበው በወባ በታመሙት ሰዎች ዙሪያ ነው፤ እዚያው ስቴፈንሲ አለች፤ በትንኟ ሰውነት ውስጥም ተውሳኩ ተገኘ። ይባስ ብሎ፣ ተውሳኩ መድኃኒትን የመቋቋም ምልክትና ከፈጣን መመርመሪያ የማምለጥ ምልክት ይዞ ነበር። በ2023 መገባደጃ በታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ።

«ከመመርመሪያ ማምለጥ» ስል ምን ማለቴ ነው? ያ በጣት ደም በደቂቃዎች ውስጥ መስመር የሚያሳየው መመርመሪያ የሚፈልገው ፋልሲፓረም የሚያመነጨውን አንድ ፕሮቲን ነው። ያን ፕሮቲን የሚሠራው ዘረ መል የጎደለው ተውሳክ ሲሆን መስመሩ አይወጣም። ሰውየው ታሟል፣ መመርመሪያው ግን «ነጻ ነህ» ይለዋል።

ስለዚህ ድሬዳዋ፣ ሁርሶና አካባቢው ለምትኖሩ ይህን ያዙልኝ። በበጋም ቢሆን ትኩሳት ከመጣ ተመርመሩ። በፈጣን መመርመሪያ ነጻ ተብላችሁ ትኩሳቱ ካልለቀቀ ተመልሳችሁ በማይክሮስኮፕ ይታይልኝ በሉ። ልጅ ከተንቀጠቀጠ፣ ከደነዘዘ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም የዋጠውን ሁሉ ካስመለሰ ስልክ የምትጠይቁበት ሰዓት አልፏል፤ ወደ ጤና ተቋም ሩጡ። ደግሞ ድሬዳዋ በ2013 ደንጌን፣ በ2019 ቺኩንጉንያን ያየች ከተማ ናት፤ ትኩሳት ሁሉ ወባ አይደለም። ደንጌ አለመሆኑ ሳይታወቅ ለሕመሙ ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን ወይም አስፕሪን መውሰድ የመድማት አደጋ ያመጣል፤ እስክትታዩ ድረስ ፓራሲታሞል በልኩ ይሻላል። በርሜልና ሮቶ በደንብ ይከደን፤ አጎበሩም በበጋ አይታጠፍ።

ትንኝን በመለየት ረገድም ኤአይ መጥቷል። አሜሪካ የሚገኘው የሳውዝ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ማሽኑን የትንኝ ፎቶ አስተማሩት። በ2020 ማዳጋስካር፣ አንታናናሪቮ ላይ አንድ ሰው ያነሳውን የእጭ ፎቶ በኋላ አይቶ «ስቴፈንሲ ሳትሆን አትቀርም» አለ። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ማንም ስልክ ያለው ሰው ለምርምር ይረዳል ማለት ነው። ግን የቀብሪደሃርን ሥራ አስታውሱ፤ እዚያ በመልክ ብቻ አላቆሙም፣ ዘረ መሉንም አይተዋል። ፎቶ ጥርጣሬ ይሰጣል፤ ማረጋገጫው ቤተ ሙከራ ነው።

እስካሁን ያወራነው ምስል አይተው ስለሚለዩ ማሽኖች ነው። እናንተ የምትጠይቁት ግን ሌላው ዓይነት፣ ጀነሬቲቭ የሚባለው፣ ራሱ ጽሑፍ አዘጋጅቶ የሚያወጣው ነው። ቻትጂፒቲ ለሕዝብ የተለቀቀው ኅዳር 2022 መጨረሻ ላይ ነው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጉግል ሜድፓልም የተባለው ማሽኑ በአሜሪካ የሐኪሞች ፈተና ዓይነት ጥያቄዎች ላይ 67.6 በመቶ ማምጣቱን አስታወቀ፤ ተከታዩ ደግሞ 86.5 በመቶ ደረሰ። ፈተናው የአሜሪካ ነው። የአሜሪካ ተማሪ ስለ ወባ የሚጠየቀው ብዙ ጊዜ ከአፍሪካ ስለተመለሰ መንገደኛ ነው፤ ሁርሶ ውስጥ ተወልዶ ስላደገ ልጅ አይደለም።

እነዚህ ማሽኖች የሚሠሩት ብዙ ጽሑፍ አንብበው ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል በመገመት ነው። በ2021 በታተመ በጣም የተነበበ ጽሑፍ ላይ ከበቀቀን ጋር ተነጻጽረው ነበር፤ የሰማችውን አሳምራ ትደግማለች፣ ትርጉሙን ግን አታውቅም። ከጽሑፉ አዘጋጆች አንዷ አዲስ አበባ የተወለዱት ዶክተር ትምኒት ገብሩ ናቸው። በዚያ ጽሑፍ ምክንያት ከጉግል ጋር ተጋጭተው በታኅሣሥ 2020 ከድርጅቱ መለያየታቸው የዓለም ዜና ሆኖ ነበር። በበቀቀኗ ምሳሌ ላይ ዛሬም ክርክር አለ። እኔ ግን የሚያሳስበኝ ሌላው ነጥባቸው ነው፦ ማሽኑ የሚያነበው ኢንተርኔት ላይ በብዛት የተጻፈውን ነው፤ ያልተጻፈው ሕዝብ እንደሌለ ይቆጠራል። በአማርኛ የተጻፈ የሕክምና ጽሑፍ ስንት ነው? በኦሮምኛስ? በሶማልኛስ? ሁርሶ ላይ የሚነገሩት ቋንቋዎች እነዚህ ናቸው።

ዶክተር ትምኒት ከዚህ በፊት የሠሩት አንድ ነገር ታሪካችን ላይ ቦታ አለው። በትልልቆቹ የኤአይ ጉባኤዎች ላይ በሺዎች ከሚቆጠረው ተሰብሳቢ መካከል ጥቁር ተመራማሪዎች በጣት የሚቆጠሩ መሆናቸውን አይተው፣ በ2017 ከሌላዋ የአዲስ አበባ ልጅ ከፕሮፌሰር ረድኤት አበበ ጋር «ብላክ ኢን ኤአይ» የሚባለውን ማኅበር መሠረቱ። በ2018 ጉባኤው ካናዳ፣ ሞንትሪያል ላይ ሲደረግ ከአፍሪካ የተጋበዙ ብዙ ተመራማሪዎች ቪዛ ተከለከሉ። ጽሑፋቸው ተቀባይነት አግኝቷል፣ ግብዣው ደርሷቸዋል፣ ግን በሩ ላይ ቀሩ። ኤምባሲ ደጅ ላይ ተሰልፎ የሚያውቅ ሰው ስሜቱ ይገባዋል።

ከዚያ አንድ መልካም ሐሳብ መጣ፦ እነርሱ መምጣት ካልቻሉ ጉባኤው ወደ እነርሱ ይሂድ። አይክለር የሚባለው፣ ከዓለም ትልልቅ የኤአይ ጉባኤዎች አንዱ፣ በሚያዝያ 2020 አዲስ አበባ ላይ እንዲደረግ ተወሰነ። እንዲህ ያለ ጉባኤ በአፍሪካ ምድር ሲደረግ የመጀመሪያው ይሆን ነበር። የአገራችን ተማሪዎች የዓለም ስመ ጥር ሳይንቲስቶችን ያለ ቪዛ፣ በታክሲ ሄደው ሊያገኟቸው ነው። ከዚያ ኮቪድ መጣ። የመጀመሪያው ታማሚ አገራችን ውስጥ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ በዚያው ሰሞን ጉባኤው በአካል መካሄዱ ቀርቶ በኢንተርኔት ሆነ። ከ5 ሺህ በላይ ሰው ተሳተፈ። ኢንተርኔት ቪዛ አይጠይቅም፤ ይህ አንድ ትርፍ ነው። ግን በሻይ ሰዓት የሚደረገው ወሬ፣ «እኔ ጋ መጥተህ ተማር»፣ «የእናንተን መረጃና የእኛን ዘዴ አገናኝተን እንሥራ» የሚባለው ነገር በስክሪን አይሠራም። ጉባኤው በመጨረሻ አፍሪካን የረገጠው በግንቦት 2023 ኪጋሊ ላይ ነው። ለሩዋንዳ ደስ ይለኛል፤ የአዲስ አበባው ግን እስካሁን ይቆጨኛል።

ፕሮፌሰር ረድኤት ራሳቸው ለጤና የቀረበ አንድ ሥራ አላቸው። በ2019 ከማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች ጋር ባሳተሙት ጥናት የ54ቱም የአፍሪካ አገሮች ሰዎች ስለ ኤችአይቪ፣ ስለ ወባና ስለ ቲቢ ኢንተርኔት ላይ ምን እንደሚፈልጉ ተመለከቱ። ሰው የሚጠይቀው ስለ ምልክትና ስለ መድኃኒት ብቻ አልነበረም፤ ስለ መገለል፣ ስለ ጡት ማጥባት፣ ስለ ባህላዊ መድኃኒት ይጠይቃል። ሐኪም ፊት የማይናገረውን ለማሽን ይናገራል ማለት ነው። በውስጥ መስመር የሚመጡልኝን መልእክቶች ሳይ ይህ በጣም እውነት ነው። ለዚህ ነው ማሽኑን «አትጠይቁ» ብዬ የማልከለክላችሁ፤ የጨነቀው ሰው በሌሊት ማንን ይጠይቅ?

እዚህ ላይ ከኮምፒዩተር ወጣ ብዬ አንድ የቆየ ታሪክ ላንሳ፤ ጉዳዩ አንድ ነው። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ፣ ከማጠቢያው በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያ የሚተላለፈው በቀንድ አውጣ ነው። እናቶቻችን ከጥንት የሚያጥቡበት ተክል የበሽታ መከላከያ ሆኖ ተገኘ! ነገር ግን ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠራውን ጥናት ዓለም አቀፍ ተቋማት ለመቀበል ዓመታት ፈጀባቸው፤ የደህንነቱ ምርመራ በውጭ ቤተ ሙከራ እንደገና መሠራት ነበረበት። በ1990ዎቹ ደግሞ እንዶድ አሜሪካ ውስጥ የውሃ ቱቦ የሚዘጋ ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረት እንደሚገድል ሲታወቅ የፈጠራ ባለቤትነቱ በአሜሪካው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ስም ተመዘገበ። ፕሮፌሰር አክሊሉ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 ትልቅ ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትም በስማቸው ይጠራል። የእንዶዱ ነገር ግን የልውውጥ ሌላኛው መልክ ነው፦ እውቀቱ ከዚህ ይሄዳል፣ ማረጋገጫውና ባለቤትነቱ እዚያ ይቀራል። ዛሬ የሚሄደው ፍሬ አይደለም፤ የስላይድ ፎቶ፣ የራጅ ምስል፣ የታካሚ መዝገብ ነው።

ነገሩ ሁሉ ግን ጨለማ አይደለም። በ2024 የአፍሪካ ሐኪሞችና የኤአይ ባለሙያዎች አፍሪሜድ ኪውኤ የሚባል የጥያቄዎች ስብስብ አወጡ፤ ከ16 አገሮች፣ ከ60 በላይ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የመጡ 15 ሺህ ያህል ጥያቄዎች አሉት። ማሽኖቹ አሁን በአሜሪካ ፈተና ብቻ ሳይሆን በእኛ አህጉር ጥያቄም እየተፈተኑ ነው። ቋንቋው እንግሊዝኛ መሆኑ ግን ይቀራል። በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች ላይ በአገር ውስጥና በውጭ ያሉ ልጆቻችን፣ ኢትዮኤንኤልፒ በሚባለው ስብስብ ጭምር፣ እየሠሩ ነው።

ናይሮቢ ላይ ደግሞ በ2025 የወጣ ጥናት አለ። በፔንዳ ሄልዝ 15 ክሊኒኮች፣ በ39,849 የሕክምና ጉብኝቶች ላይ፣ ኤአይ ከጀርባ ሆኖ የጤና ባለሙያውን ሥራ እያየ ስህተት ሲመስለው እንዲያስጠነቅቅ ተደረገ። ማሽኑን የያዙት ባለሙያዎች የምርመራ ስህተታቸው በ16 በመቶ፣ የሕክምና ስህተታቸው በ13 በመቶ ቀነሰ። ጥናቱ የተሠራው ከማሽኑ ባለቤት ከኦፕንኤአይ ጋር መሆኑን ሳትረሱ አንብቡት። ለእኔ ትልቁ ነገር ግን ቁጥሩ አይደለም፤ ማሽኑ ታካሚውን ብቻውን አላናገረውም፣ የአገሩን የሕክምና መመሪያ እንዲከተል ተደርጎ ነበር፣ የመጨረሻውን ቃል የተናገረውም ባለሙያው ነው። ድሬዳዋ ላይ እንዲህ ያለ ሙከራ ቢደረግ መጀመሪያ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ ማሽኑ ስቴፈንሲን ያውቃል ወይ? ቫይቫክስንና ፋልሲፓረምን ለይቶ ይመክራል ወይ? በኦሮምኛና በሶማልኛ ተጠይቆስ የሚሰጠው መልስ በእንግሊዝኛ ከሚሰጠው እኩል ነው ወይ?

በአገራችን በኩል የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ተቋም ከ2020 ጀምሮ አለ፤ በ2024 ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 1321፣ ወጥቷል። በአዋጁ የጤና መረጃ ልዩ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው መረጃዎች አንዱ ነው። የምትልኩለት ማሽን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚኖረው ሌላ አገር ነው። እንግዲህ የላብራቶሪ ወረቀታችሁን ፎቶ ስታነሱ ስማችሁን፣ የካርድ ቁጥራችሁንና የጤና ተቋሙን ማኅተም በጣታችሁ ሸፍኑት ወይም ቆርጣችሁ አውጡት፤ ለእኔም ስትልኩ እንዲሁ። ስትጠይቁ ደግሞ «ትኩሳት አለኝ» ብቻ አትበሉ፤ የት እንደምትኖሩ፣ ወሩ ምን እንደሆነ፣ ነፍሰ ጡር መሆን አለመሆናችሁን፣ የትኛውን ምርመራ በምን ዘዴ እንዳደረጋችሁ ጻፉ። የመድኃኒት መጠን ከነገራችሁ ሳትውጡት በፊት ለፋርማሲ ባለሙያ ወይም ለሐኪም አሳዩት።